አንደኛ ፎቅ ድረስ የመጣው አውቶቡስ

ኑ፣ አረፍ በሉ እስቲ። መንገዱ እንደሆነ አይሸሽም። ስለ አንድ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ላጫውታችሁ ነው። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ቀሪውን የመኪና መሪ ነው ያስተማረኝ። ስለዚህ ንግግሬ ቢንዛዛ ታገሡኝ።

ኢሳ እባላለሁ፣ የወሎ ሰው ነኝ። ጡረታ እስክወጣ ከሰሚት ተነስቶ በሃያ ሁለት ሰፈር አድርጎ ወደ መሀል ከተማ የሚገባውን ባለ ፎቅ አውቶቡስ ስነዳ ነበር። ቲኬት ቆራጯ ፈለቀች ነበረች። ባለ ፎቅ ላይ ቲኬት መቁረጥ እንደ ሌላው አውቶቡስ ቁጭ ብሎ አይደለም። ታች ያለውን ትጨርስና ላይ ትወጣለች፤ ላይ ያለውን ሳትጨርስ ታች ሌላ ሰው ይገባል። በቀን ስንት ጊዜ እንደምትወጣና እንደምትወርድ አንድ ቀን ልቆጥር ጀምሬ፣ ዓይኔ ከመንገድ እየሸሸ ቢያስቸግረኝ ተውኩት።

"ኢሳ፣ ፍሬኑን ቀስ አድርገህ ያዝ፤ ደረጃ ላይ ነኝ" ትለኛለች ከላይ። ድምጿ ሞተሩን ያሸንፈው ነበር።

እኛም አረጀን፣ አውቶቡሶቹም አረጁ። መለዋወጫ ጠፋ። አንዱ ሲቆም ከሌላው እየተፈታ ተገጠመለት፣ በመጨረሻ ሁሉም አንድ ግቢ ውስጥ ተደርድረው ቀሩ። ጎማቸውን ሳር ዋጠው። አንዳንዱን ብረት ገዢዎች ቆራርጠው ወሰዱት። ሄጄ አንዱን በእጄ ዳበስኩት። ሰው ይስቅብኝ ይሆናል፤ ግን ስንቷን ነፍሰ ጡር ሐኪም ቤት ያደረሰ ነገር ነው።

እኔና ፈለቀች የምንኖረው ሰሚት፣ አንድ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ነው። እሷ አንደኛ ፎቅ ናት፣ ከግቢው በር አጠገብ ባለው ብሎክ። ያ ሁሉ ደረጃ በኋላ ጉልበቷ ላይ ወጣ። ግቢያችን ሊፍት የለውም። ከቤቷ ሳትወርድ ዓመት አለፋት። ይህን የምናውቀው እኔና አብራት የምትኖረው የእህቷ ልጅ ብሩክታይት ብቻ ነበርን። ለሌላው ሰው "ጠበል ሄዳለች" ይባላል።

"ተሸክመን እናውርድሽ ይሉኛል" አለችኝ። "ያን ሁሉ ሰው 'ወደ ውስጥ ግቡ' እያልኩ ሳዝዝ የኖርኩትን ሴት እንደ ጆንያ። እንዳትናገር።"

ወላሂ ብዬ ማልኩላት፣ ምን ላድርግ።

ችግሩ እድሩ ነው። እድራችን ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል ሁሉንም የያዘ ነው፤ ደንቡ ግን ጥብቅ ነው። ዓመት ሙሉ ስብሰባ ያልተገኘ ይሰረዛል። ሊቀመንበሩ አቶ ብርሃኑ፣ ዕድሜያቸውን በመንግሥት ቢሮ የጨረሱ ሰው፣ እስከ መስከረም ካልተገኘች ስሟ እንደሚወጣ የሚገልጽ ደብዳቤ ላኩላት። ደብዳቤውን አሳየችኝ።

"ኢሳ፣ ስሞት ማን ሊቀብረኝ ነው?" አለች። አላለቀሰችም። መንገድ እንደምትጠይቅ ሰው ነው የጠየቀችኝ።

በዚያው ሰሞን እድሩ የዕቃ ማስቀመጫ ይፈልግ ነበር። ድንኳኑና ድስቱ በየደረጃው ሥር ተጥሏል፤ ኮንቴይነር እንግዛ ተባለ። እኔ ተነሳሁና "ከቆሙት አውቶቡሶች አንዱን በጨረታ እንግዛ። ታች ዕቃ ይቀመጣል፣ ላይ እንሰበሰባለን" አልኩ።

"ጋሽ ኢሳ መሪ ካላዩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም" አለ አንዱ፤ ተሳቀ። ግን ጣሪያም ወንበርም ያለው ነገር ነውና ተስማሙ። እንዳጋጣሚ የደረሰን እኔው የነዳሁት ሆነ።

እኔ ግን የልቤን አልተናገርኩም። ፈለቀች ከመስኮቷ ገመድ አውርዳልኝ ነበር። መሬት የነካበት ላይ ቋጥሬ፣ ገመዱን ይዤ አውቶቡሶቹ ዘንድ ሄድኩና ለካሁ። መስኮቷ ከላይኛው ፎቅ መስኮት ጋር እኩል ሆነ። አውቶቡሱ ከብሎኳ ሥር ከቆመ ደረጃ ሳትወርድ ስብሰባ ገባች ማለት ነው። ልኩ መግጠሙን ስነግራት "ቲኬቱን ማን ሊቆርጥ ነው ታዲያ?" ብላ ሳቀች።

እሑድ ጠዋት በጎታች መኪና አመጣነው። መንገዱን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ የት ሰፈር የመብራት ሽቦ ዝቅ እንደሚል አውቃለሁ። ወንበሮቹን እንዲያጠብቅልን በያጁን ሃይደርን ከቦሌ ሚካኤል ከነመሣሪያው ይዘነዋል። በየመንገዱ ሰው ቆሞ "ተመለሰ እንዴ?" ይላል። አንዲት ሴትዮማ ፌስታሏን አንጠልጥላ እጇን ዘርግታ አስቆመችን።

በራችን ላይ የግቢው ስም በትልልቅ ፊደል የተጻፈበት የብረት ቅስት አለ። አቶ ብርሃኑ አራት ዓመት ቤት ለቤት ዞረው መዋጮ ሰብስበው ያሠሩት ነው። እኔ የሚቆምበትን ቦታ ለክቻለሁ፣ የበሩን ስፋት ለክቻለሁ። ቁመቱን አልለካሁም። መሪ ከለቀቅሁ ወዲህ በእግሬ የምገባ ሰው ነኝ፤ ከባርኔጣዬ በላይ ያለውን ማየት ትቻለሁ። ሌላው ደግሞ "ጋሽ ኢሳ ሾፌር ናቸው፣ ያውቃሉ" ብሎ ለእኔ ትቶታል።

አውቶቡሱ ቅስቱን በክንድ በለጠው።

"ጋሽ ኢሳ፣ ይሄ አይገባም" አለ ሃይደር።

"አየሁት።"

ከኋላ ሚኒባሶች ጥሩምባ ያንባርቃሉ። አንድ ረዳት በበሩ ተንጠልጥሎ "አባባ፣ ፎቁን አጥፋችሁ አስገቡታ" አለ። ሰዉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

አቶ ብርሃኑ መጡ። "ቀላል ነው። ሃይደር፣ ላይኛውን ቁረጠው። ለዕቃ ታችኛው ይበቃናል።"

"ላይኛው ለስብሰባ ነው ተባብለን ነበር" አልኩ።

"ስብሰባው እንደ ድሮው ሜዳ ላይ ይሆናል። ከእንግዲህ ሰው አይጭን፤ ፎቁ ምን ያደርግልናል፣ አቶ ኢሳ?"

ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ፤ መሐላው አፌን ያዘኝ። "አንድ ቀን ስጡኝ" አልኩ።

"መንገድ ዘግተን?" አሉ። እውነታቸውን ነው።

ሃይደር የብረት መቁረጫውን ሰክቶ መሰላሉ ላይ ወጣ። ይህን ጊዜ ከበሩ አጠገብ አንድ መስኮት ተከፈተ።

"አንተ መሰላል ላይ ያለኸው፣ ቆይ።"

ያው ድምፅ ነው፤ ሞተር የሚያሸንፈው። ሰው ሁሉ ቀና አለ።

"እትዬ ፈለቀች፣ ጠበል አይደሉም እንዴ?" አለች አንዷ ጎረቤት።

"ጠበል አልሄድኩም። የትም አልሄድኩም። ዓመት አለፈኝ እዚሁ ነኝ፤ ደረጃው አቃተኝ።" ትንፋሽ ወሰደች። "አቶ ብርሃኑ፣ ስብሰባ የቀረሁት ንቄያችሁ አይደለም። ያ አውቶቡስ ፎቁ ሳይነካ መስኮቴ ሥር ከቆመ እገኛለሁ። ከቆረጣችሁት ስሜን ሰርዙት። ደንብ ደንብ ነው።"

አቶ ብርሃኑ መስኮቱን አዩ፣ ቀጥሎ ቅስታቸውን አዩ። መነጽራቸውን አውልቀው በኮታቸው ጫፍ ሲጠርጉ ቆዩ።

"ደብዳቤውን የፈረምኩት እኔ ነኝ" አሉ ቀስ ብለው። ለማን እንደተናገሩት እንጃ። ከዚያ "ሃይደር፣ መሰላሉን ወደዚህ አምጣው። ቅስቱን አውርድ።"

"እርስዎ የለፉበት?"

"ብረት ነው፣ ተመልሶ ይበየዳል። ፊደሎቹን ብቻ እንዳታጣምምብኝ።"

መሰላሉን ራሳቸው ያዙ። ፍንጣሪው ኮታቸው ላይ እየወረደ አልለቀቁም። ጥሩምባው መቼ እንዳቆመ አላስተዋልኩም፤ ያ ረዳት ወርዶ በሌላኛው በኩል ቅስቱን ደግፎ ነበር።

ከዚያ ጎታቹ ተፈታ፤ ሰዉ ገፋ፣ እኔ መሪውን ያዝኩ። ሞተር የሌለው መሪ ድንጋይ ነው። ከመስኮቷ ሥር ሳደርሰው ላቤ በጀርባዬ ይወርድ ነበር።

በሳምንቱ ላይኛው ፎቅ ተሰበሰብን። መስኮቶቹን ከፈትናቸው፤ ፈለቀች ነጠላዋን አጣፍታ በራሷ መስኮት ተቀምጣለች፣ ክንዷን ብትዘረጋ ትነካናለች። ጸሐፊው ስም ጠራ። ተራዋ ሲደርስ "አለሁ" አለች። አቶ ብርሃኑ ቀና ብለው አይዋት፤ ጸሐፊውም ሰዉም ወደ መስኮቷ ዞረ።

"ቀጥሉ እንጂ" አለች። "ሌላው ሰው ስሙን እየጠበቀ ነው።"

የቀሩት አውቶቡሶች ዛሬም ሳር ውስጥ ናቸው። ሁሉንም ማዳን እንደማይቻል አውቃለሁ። እናንተን የምለምነው ትንሽ ነገር ነው፤ ከሰው መሀል የቀረ ጎረቤት ካላችሁ፣ ስሙን ከመሰረዛችሁ በፊት ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደሚኖር አስታውሱልኝ።