የአንሶላ እጥፍና የቃላት ዝምድና

ፌንጣ የሚለውን ስም ያወጣላት ምላሷ ነው። አንዱን ወሬ ሳትጨርስ ሌላው ላይ ዘላ ጉብ! ትምህርት ከጨረሰች ገና ሦስት ወሯ ነው፤ ሥራ እስክታገኝ ድረስ ደግሞ የቤቱ ወሬ በሙሉ በእሷ እጅ ነው። እናቷ ግን ለብቻዋ የተፈጠረች ዝምተኛ! ቃል ከአፏ የሚወጣው እንደ ጥርስ ተነቅሎ ነው።

እናትየው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሆስፒታል የልብስ እጥበት ክፍል አንሶላ ስታጥብ፣ ስትጨምቅ፣ ስታጥፍ ኖራለች። እጇ በበረኪና ተላልጧል። ትከሻዋ ደግሞ አልነሳም ብሎ፣ አሁን አሁን ፀጉሯን የምታበጥርላት ፌንጣ ናት።

እዚያው ሆስፒታል፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ የቀዶ ጥገና መቀስና መቆንጠጫ በእንፋሎት የሚጸዳበት ክፍል አለ። እዚያ ሥራው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ነው። ባልዲ የለ፣ በረኪና የለ። ለመግባት ግን ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። እናትየው ሁለት ጊዜ ተፈትና፣ ንባቡንም ሒሳቡንም ሁለቴም አልፋለች። ሁለቴም ጉድ የሠራት «የቃላት ዝምድና» የሚሉት ክፍል ነው፤ ከሃያ ጥያቄ አሥራ አምስት ካልመለሱ ወደቁ ማለት ነው። ሦስቴ የወደቀ ሠራተኛ ደግሞ ዳግመኛ ለፈተና አይመዘገብም። የቀራት አንድ ዕድል ነው፤ ለዚያም አንድ ወር።

«እኔ አስጠናሻለሁ!» አለች ፌንጣ። ደብተር ገዝታ፣ ጥያቄ ከራሷ አውጥታ፣ እናቷን ጠረጴዛ ፊት አስቀመጠቻት።

«እሺ እማዬ፤ ዶሮ ለጫጩት ከሆነች፣ ላም ለምን?»

«ለወተት።»

«እማዬ!»

«ምን እማዬ ትይኛለሽ? ላም ያለ ወተት ምን ታደርግልኛለች?»

«እሺ ይሁን። ጫማ ለእግር ከሆነ፣ ጓንት ለምን?»

«ለበረኪና።»

ፌንጣ ሳቋ አመለጣት። እናትየው ግን አልሳቀችም። ለነገሩ ምኑ ላይ ዋሸች? ጓንቷ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተቀመጠው በረኪናው ጎን ነው። አብሮ የሚውለውን ነገር ነው የምትመልሰው። ፌንጣ «አስቢ እንጂ! አስቢ!» ማለት ጀመረች፤ የራሷ አስተማሪም እንደዚሁ ነበር የሚላት፣ ያኔም ምንም አልጠቀማት።

«ተይው ልጄ» አለች እናትየው ደብተሩን ገፋ አድርጋ። «ድንጋይ ላይ ውሃ አታፍስሺ።»

ቅዳሜ ዕለት ፌንጣ ምሳ ይዛ እጥበት ክፍሉ ሄደች። እናቷ ከሬድዮ ጋር ትልቁን አንሶላ ግራና ቀኝ ይዘው ያጥፋሉ። ሬድዮ የእናቷ የሥራ ጓደኛ ናት፤ አንዴ ከተከፈተች የሚዘጋት ስለሌለ ነው ሬድዮ የተባለችው።

«መጣሽ ፕሮፌሰሯ!» አለች ሬድዮ። «እናትሽን ሚኒስትር ልታደርጊያት ነው አሉ!»

«ወሬሽን ተይና ጠርዙን ወደ ላይ ያዢው» አለች እናትየው። «ገልብጠሽዋል።»

«ምን ልዩነት አለው እማዬ? ያው አንሶላ አይደል?» አለች ፌንጣ ለሬድዮ አግዛ።

እናትየው ቀና አለች። በቤቷ ሦስት ቃል የማትናገረው ሴትዮ እዚያ ቦታ ንግግሯ ሌላ ነው። «ልዩነትማ አለው። የመጀመሪያው አንሶላ እንዴት እንደታጠፈ ሌላውም እንደዚያው ይታጠፋል። ነጭ ሆነ አረንጓዴ፣ አንሶላ ሆነ የትራስ ልብስ፣ እጥፉ አንድ ነው። እጥፉ ካልገጠመ ክምሩ ይናዳል።»

ፌንጣ ምሳውን ካውያ ማስቀመጫው ላይ ጣል አድርጋ ዘለለች።

«እማ! ዶሮና ጫጩት የመጀመሪያው አንሶላ ናቸው በይ። እንዴት ነው የታጠፉት? በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሪኝ።»

እናትየው አንሶላውን እንደያዘች አሰበች። «ዶሮ ጫጩት ትፈለፍላለች።»

«ጎሽ! በዚያው እጥፍ ላሟን እጠፊያት።»

«ላም... ትፈለፍላለች?»

ሬድዮ በሳቅ አንሶላውን ለቀቀችው። «ላሚቱ እንቁላል ላይ ቁጭ ብላ ታየችኝ! ኧረ ሞትኩ!»

«እጥፉ ጠቦ ነው፤ ላላ አድርጊው» አለች ፌንጣ።

«ዶሮ የጫጩት እናት ናት። ላም...» እናትየው ዓይኗ ፈጠጠ። «ላም የጥጃ እናት ናት!»

«ጓንትስ?»

«ጫማ የሚጠለቀው እግር ላይ ነው። ጓንት የሚጠለቀው እጅ ላይ ነው! ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ምን አለፋኝ?»

«እኔም ልሞክር» አለች ሬድዮ። «ጥጃ የላም እናት...»

«ገለበጥሽው! ጠርዙ በየት በኩል እንደሆነ እይ እንጂ!» አለቻት እናትየው።

ከዚያ ወዲያ ሴትዮዋን ማን ያስቁማት! ታክሲ ውስጥ «ሹፌር መኪና ይነዳል፣ ካፒቴን መርከብ ይነዳል» ትላለች። ሽንኩርት እየከተፈች «ቢላ ሽንኩርት ይቆርጣል፣ መጋዝ እንጨት ይቆርጣል» ትላለች። ሁለት መልስ የገጠመላት ጊዜ ዓረፍተ ነገሩን ራሷ ጠበቅ ታደርገዋለች። ፌንጣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ውስጥ የመናገሪያ ተራ አጣች።

የፈተናው ቀን ደርሶ አለፈ። ውጤቱ በሳምንቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ፌንጣ በሰው መሐል ተሹለክልካ የእናቷን መስመር በጣቷ ተከተለች። አሥራ አራት።

በአንድ! በአንዲት ጥያቄ! ሬድዮም ቀርባ ቁጥሩን ደግማ አየችው። ፌንጣ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ ጥፋቱ የእሷ ነው፣ ሌላ ምን አላስተማረቻት ይሆን?

እናትየው ግን እንባዋን በመቀነቷ ጠረገችላትና «ወረቀቴን ላየው እፈልጋለሁ» አለች። ሬድዮን እዚያው ትተው፣ እናትና ልጅ ሁለተኛ ፎቅ ወዳለው የሰው ኃይል ቢሮ ወጡ።

ኃላፊው መነጽሩን ከፍ ዝቅ አድርጎ ወረቀቱን አወጣላት። እናትየው አንድ በአንድ እያየች ሄዳ አሥራ አንደኛው ጥያቄ ላይ ቆመች። «ሳሙና ለእድፍ» ይላል። ምርጫዎቹ፦ ሀ. ውሃ ለጥማት፣ ለ. ልብስ ለገላ፣ ሐ. በሽታ ለመድኃኒት። እሷ «ሀ» ብላለች፤ በቀይ ተሰርዟል።

«ይሄ ለምን ተሰረዘብኝ ጌታዬ?»

«መልሱ ሐ ነዋ እናቴ። መልሱን ያወጣሁት እኔው ነኝ።»

ፌንጣ አፏን ልትከፍት ስትል እናቷ ክርኗን ያዝ አደረገቻት።

«እንግዲህ ይስሙኝ። ሳሙና እድፍን ያጠፋል። ውሃ ጥማትን ያጠፋል። አይደለም?»

«ልክ ነው፤ ግን...»

«የእርስዎን ደግሞ እንጠፈው። በሽታ መድኃኒትን ያጠፋል?» እናትየው ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «በሽታ መድኃኒትን ያጠፋል ካሉኝ፣ እኛ እዚህ ሆስፒታል ምን እየሠራን ነው?»

ጎን ያለው ጠረጴዛ ላይ የምትጽፈው ጸሐፊ ፍርፍር ብላ ሳቀች። ኃላፊው ወረቀቱን አየ። የመልሱን ወረቀት አየ። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ለራሱ አነበበው፤ እንደገና አነበበው። ጆሮው ቀላ።

«ገልብጬዋለሁ» አለ በመጨረሻ።

«ሰው ነዎት» አለች እናትየው።

እስክሪብቶውን አነሳ። አሥራ አራቱን ሰረዘና አሥራ አምስት ጻፈ። ፈረመበት። «የሌሎቹንም ወረቀት ዛሬውኑ አየዋለሁ። ሰኞ ሥራ ይጀምራሉ፤ እንኳን ደስ አለዎት።»

ከቢሮ ሲወጡ እናትየው ወደ ደረጃው አልሄደችም። በኮሪደሩ ቀጥ ብላ ሄዳ የእንፋሎቱን ክፍል በር አንኳኳች። የከፈተችላት ሠራተኛ «ምን ፈልገሽ ነው?» ብትላት፣ «ሰኞ እመጣለሁ፤ ቦታዬን ልየው ብዬ ነው» አለቻት። ገብታ ባዶውን ወንበር ሳብ አደረገችና ቁጭ አለችበት። ጀርባዋን ደገፍ፣ እግሯን ዘርጋ አደረገች፤ የላይኛው ቤት እመቤት መሰለች።

ከታች የሬድዮ ድምፅ እየጮኸ ደረጃውን ወጣ። «አንቺ ፌንጣ! ምን አሉ? ኧረ ተናገሪ፣ ልቤ ሊፈነዳ ነው!»

ፌንጣ የደረጃው ብረት ላይ ተንጠላጥላ፣ የማጠቢያ ማሽኖቹ ጩኸት እንዳይውጠው፣ ባላት ጉሮሮ ሁሉ ጮኸች፦

«አልፋለች! እናቴ አልፋለች! እየተከራከረች ነው ያለፈችው!»