ከሰባተኛው ሉዋሕ ፊት

«አያ፣ ከፊቱ አይቁሙ!»

ሙላት ይህን ሲል የደምሰውን አንገትጌ ጨምድዶ ይዞ ነበር። ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው የእጅ ባትሪያቸውን አብርተው፣ ከትልቁ የኤሌክትሪክ ሳጥን ፊት ለፊት ቆመው ሊያበሩለት ሁለት እርምጃ ብቻ ቀርቷቸው ነበር። ጎትቶ ከግድግዳው ጋር አጣበቃቸው። ከዚያ እሱ ከሳጥኑ ጎን ቆመ፤ የፊት መከለያውን ዝቅ አደረገ፣ በሩ መዘጋቱን አየ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ በግራ እጁ ማብሪያውን ወደ ላይ ገፋው።

ብርሃኑ ቀደመ። ግድግዳው፣ የደምሰው ጫማ፣ ወለሉ ላይ ያለው አቧራ ሳይቀር ነጭ ሆነ። ወዲያው ጆሮ የሚያደነቁር ፍንዳታ ተከተለ፤ የሳጥኑ በር ከማጠፊያው ተገንጥሎ በረረ፤ የተቃጠለ መዳብ ሽታ ያለው ጥቁር ጭስ አዳራሹን ሞላው። ሙላት ዓይኑን ሲገልጥ ከሳጥኑ ፊት ተቀምጦ የነበረው የላስቲክ ባልዲ ቀልጦ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። ደምሰው ሊቆሙ የነበረው እዚያው ላይ ነው።

«ሙላት፣ አለህ?»

«አለሁ አያ። እርስዎስ?»

«እንጃ፤ ጆሮዬ ይጮኻል። እግሬ ግን አለ።»

ሁለቱም ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ከመጡ ስድስት ዓመታቸው ነው። ሁለቱም የሚሠሩት በናታንያ የኢንዱስትሪ ሰፈር፣ የውሃ ቧንቧ የሚያመርት አንድ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ሙላት አሥር ወር ሙሉ በዕብራይስጥ ተምሮ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆነ የሠላሳ አምስት ዓመት ጎልማሳ ነው። ደምሰው ስልሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ አገር ቤት ብረት ቀጥቃጭ የነበሩ፣ እዚህ የቧንቧ ማሽን የሚጠብቁ ሰው ናቸው። የማሽኑ መብራት በተቋረጠ ቁጥር ሙላትን ጠርተው ባትሪ ይይዙለታል። ዕድሜያቸውን ከወናፍ ጋር ያሳለፉ ሰው ስለሆኑ፣ እሳት ያስፈራል ብሎ የሚነግራቸውን ሁሉ ፈገግ ብለው ያልፉታል።

ዋናው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሽሎሚ እየሮጠ መጣ። በመጀመሪያ ጮኸ፣ ቀጥሎ የሙላትን ፊት በሁለት እጁ ይዞ ግራና ቀኙን አገላብጦ አየው።

«ጎን ነበርክ?»

«ጎን ነበርኩ።»

«ባሩኽ ሀሼም» ብሎ ሽሎሚ ፈጣሪውን አመሰገነ።

ነርሷ የሙላትን የግራ እጅ አንጓ ቅባት ቀባችው፤ ጓንቱ ያልደረሰበት ጣት የምታክል ቦታ ቀልቶ ነበር። የደምሰውን ጆሮ አይታ በፋሻ ሸፈነችው፤ ውጭ አየር እንዲያገኙ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው። ሙላት ግን እግሩ በቀጥታ ወደ ኤፍራት ቢሮ ወሰደው።

ኤፍራት የሥራ ደህንነት ክፍል ወጣት መሐንዲስ ናት። ከሦስት ወር በፊት ከባዱን ኮምፒውተሯን በጋሪ እየገፋች በየሉዋሑ፣ ማለት በየኤሌክትሪክ ሳጥኑ፣ ስትዞር ሠራተኛው ሁሉ ጀርባውን ይሰጣት ነበር። የሰው ስም እየመዘገበች ልታስባርር ነው ተብሎ ተወራባት። እሷ ግን የምትጠይቀው ሌላ ነበር፤ ይህ ሳጥን ይሞቃል? በወር ስንት ጊዜ ያቋርጣል? ሲከፈት ሰው የት ይቆማል? የተነገራትን ሁሉ ከምትለካው ጋር አስገብታ፣ ፕሮግራሙ የትኛው እንደሚያሰጋ ደረጃ ያወጣላታል። ሙላት አንድ ቀን ደፍሮ «ሰባተኛው እንደ ንብ ያጉረመርማል» አላት። አልሳቀችም። ቁጭ ብላ ጻፈችው። በሳምንቱ ያ ዛሬ የፈነዳው ሰባተኛው ሉዋሕ የዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ ወጣ፤ አዲስ ዕቃ ታዘዘለት፤ እስኪመጣም አጠገቡ የፊት መከለያና ጓንት ተሰቀለ። ለሠራተኛውም ሥልጠና ተሰጠ።

«ኤፍራት» አላት በሩ ላይ ቆሞ። በዕብራይስጥ ሊለው ያሰበው ብዙ ነበር። «እናቴ አንድ ጊዜ ወለደችኝ። ዛሬ ደግሞ አንቺ።»

ልጅቷ እጆቿን ፊቷ ላይ አደረገች። ቀና ስትል ዓይኗ እርጥብ ነበር።

«ተቀመጥ፤ ውሃ ጠጣ» አለችው። «ከዚያ ሳትረሳው እንመዝግበው፤ ሌሎቹን ሳጥኖች የሚያድናቸው እሱ ነው።»

እሷ እየጠየቀች እሱ እየመለሰ ሄዱ። መከለያ፣ አዎ። ጓንት፣ አዎ። በሩ ተዘግቷል፣ አዎ። ከዚያ ጣቷ ቆመ።

«ደምሰውም ሥልጠና ወስዷል፤ ፊርማው እዚህ አለ። ታዲያ ለምን ወደ ፊት ለፊቱ ሄደ?»

ሙላት ብርጭቆውን አስቀመጠ። መልሱን ያውቀዋል። በሥልጠናው ቀን ጎን ለጎን ነበር የተቀመጡት። ሽሎሚ ከወረቀት እያነበበ ሲከንፍ ደምሰው በክርናቸው ጎሰም አድርገው «ምን አለ?» ብለው ነበር። ሙላት በአማርኛ ሲንሾካሾክ ሰው ዞሮ እንዳያየው አፍሮ «በኋላ እነግርዎታለሁ» አላቸው። ያ በኋላ ሳይመጣ ቀረ። ደምሰው እንደ ሌላው ሰው ፈረሙ።

«አንድ ጊዜ ታገሺኝ» ብሎ ወጣ።

ደምሰው ሲያዩት ተነሥተው ግንባሩን ሳሙት። «እግዜር ይስጥህ ልጄ። ልጆቼን ዳግመኛ የማይበት ዓይን ሰጠኸኝ።»

«አያ፣ አያመስግኑኝ። ሊገድልዎት የነበረው የኔ ዝምታ ነው። ያን ቀን ምን አለ ብለው ጠይቀውኝ አልነገርኩዎትም።»

ሽማግሌው ተመልሰው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

«አፈርክብኝ?»

«በራሴ ነው ያፈርኩት። አሁን ኤፍራት ለምን ወደ ፊት ሄደ ትላለች። እውነቱን ልንገራት? ዕብራይስጡ አልገባውም ብለው ከሥራ ቢያስወጡዎትስ ብዬ ፈራሁ።»

ደምሰው በፋሻ የተሸፈነውን ጆሯቸውን ዳሰሱ። አዳራሹ በር ላይ ሰዎች የተገነጠለውን በር ተሸክመው ሲወጡ ተመለከቱ።

«እዚያ ስንት የኛ ሰው ነው የሚሠራው?»

«እንደ እርስዎ ሳይገባው የፈረመ? አሥራ አንድ ይሆናል።»

«እንግዲያማ ምን ትጠብቃለህ? ና፣ አፌ ሁነኝ፤ እኔው እነግራታለሁ።»

ሁለቱም ኤፍራት ፊት ቆሙ። ደምሰው ኮፍያቸውን አውልቀው ይዘው በአማርኛ ተናገሩ፤ ሙላት ምንም ሳያስቀር ተረጎመላቸው፤ የራሱንም ዝምታ ጨመረበት። ኤፍራት ኮምፒውተሩን አየች።

«እዚህ ያለው ወስዷል ወይም አልወሰደም ነው» አለች ቀስ ብላ። «ገብቶታል ወይ የሚል ጥያቄ የለም። ሳላስገባው የቀረሁት እኔ ነኝ።» ወደ ደምሰው ዞራ በዕብራይስጥ አንድ ነገር አለች።

«ምን አለች?»

«ታመሰግንዎታለች አያ። በሦስት ወር ውስጥ ከተነገራት ሁሉ ትልቁን ነገር ዛሬ ነገርከኝ ትላለች።»

ሽሎሚ ተጠራ። አንገቱን አከከ፤ በፍጥነት ማንበቡንም አልካደም። ሐሙስ ማሽኖቹ ለሁለት ሰዓት እንዲቆሙና ሥልጠናው ለአሥራ አንዱም በአማርኛ እንዲሰጥ፣ ሰጪውም ሙላት እንዲሆን ተስማሙ። ማንም ከሥራው አልተነሣም።

ወደ ኪርያት ኖርዳው የሚወስደው አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ሁለቱ ብቻቸውን ነበሩ። ማናለሽ፣ የሙላት ሚስት፣ ወሬውን ሰምታ ኖሮ ወደ ቢሮው ሁለት ጊዜ ደውላለች፤ ድምፁን ሰምታ አልቅሳ ዘግታለች። ቶሎ እመጣለሁ ብሏታል።

«ሐሙስ ሩቅ ነው» አሉ ደምሰው። «ነገ ጠዋት ማሽኔ ጋ ነኝ። ያ ሽሎሚ ደጋግሞ የሚጠራው፣ ቄሸት ነው ምን፣ ምንድን ነው?»

«ቄሸት የኛው ቀስት ነው አያ። ኤሌክትሪኩ ከብረት ወደ ብረት በአየር ላይ ሲዘል እንደ ቀስት ይጎብጣል። የሚነካውን ብቻ አይደለም የሚያቃጥለው፤ ፊቱ የቆመውን ሁሉ ነው።»

«ሳልነካው?»

«ሳይነኩት።»

«እህ! የኛ እሳትስ ካልነኩት አይነካም ነበር።» ሽማግሌው ወደ እሱ ጠጋ አሉ። «ታዲያ የት ነው የምቆመው? አሳየኝ።»

ሙላት ቁልፉን አውጥቶ አፈሩ ላይ ሳጥን ሣለ፤ በሩን፣ ማጠፊያውን፣ የሰው እግር የሚያርፍበትን ቦታ። ግማሽ ሳይደርስ አውቶቡሱ መጥቶ ቆመ። ሾፌሩ በሩን ከፍቶ ጠበቃቸው። ቀጣዩ የሚመጣው ከአርባ ደቂቃ በኋላ ነው።

ሙላት ቀና ብሎ አየው፤ ማናለሽንም አሰበ። ከዚያ ለሾፌሩ እጁን አወዛውዞ ሂድ አለውና፣ እንደገና ወደ አፈሩ አጎነበሰ።

«እዚህ ጋ ነው አያ የሚቆሙት» አለ። «አሁን እርስዎ መልሰው ይንገሩኝ።»