ሳታገባ የአሥራ አራት ዓመት ባለትዳር

ልብስ ሰፊዋ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ኮሪደር ላይ፣ አንድ እግሩ ባጠረ አግዳሚ ወንበር ከእጮኛዋ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጣለች፤ በተንቀሳቀሱ ቁጥር ወንበሩ ጓ ሲል እሷም ትደነግጣለች። ሾፌሩ ግን መንጃ ፈቃድ ሊያሳድስ የመጣ ይመስል እግሩን ዘርግቶ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሁሉ አንድ በአንድ ያነባል። ነገ ማለዳ ጭነት ይዞ ለሁለት ሳምንት ይወጣል። ሳልሄድ የጋብቻ ፈቃዱን ጥያቄ እናስገባ ብሎ ያጣደፋትም እሱ ነው። እሷ ብትሆን ኖሮ ገና ሰበብ ትፈልግ ነበር።

ሰበብ መፈለጓ ደግሞ ሰውየውን ጠልታ አይደለም። የዛሬ አሥራ አራት ዓመት እዚሁ ኮሪደር ላይ ከሌላ ሰው ጋር ተቀምጣ ታውቃለች። ሰውየው መንገድ ሊሠራ የመጣ ቀያሽ ነበር። እንደ ደንቡ የጋብቻ ማስታወቂያ አስለጥፈው፣ መዝገብ ላይ ፈርመው፣ እየተሳሳቁ ወጡ። በሠርጉ ቀን ቀያሹ አልመጣም። መንገዱ ተጠናቆ ነበር፤ እሱም ራሱ በቀየሰው መንገድ ሄደ፣ በዚያው ቀረ።

ይህን ለሾፌሩ አልነገረችውም። አለመንገር ብቻ ቢሆን እንኳ ባልከፋ፤ በተዋወቁ ሰሞን እስካሁን እንዴት ሳታገቢ ቆየሽ ሲላት፣ ጠያቂ መቼ መጥቶ ብላ ስቃለች። ከዚያ ወዲህ ከዛሬ ነገ እነግረዋለሁ ስትል ሁለት ዓመት አለፈ። እሱ ደግሞ የመጀመሪያ ሚስቱ ሌላ ወንድ ይዛ ዓመታት ያሞኘችው ሰው ነው። ችግርም ይምጣ፣ በሽታም ይምጣ፣ ነገረኛ አማትም ትምጣ እችላለሁ፣ ውሸት ግን አልችልም ይላል፤ ይህን ሲናገር አይስቅም። እንግዲህ መዝገቡ ያን የድሮ ማስታወቂያ ዛሬም ይዞት ከሆነ ጉዷ ፈላ።

ተራቸው ደርሶ ገቡ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ሦስቱን ግድግዳ መደርደሪያ ይዞታል፤ ጀርባቸው በፕላስተር የተጠጋገነ መዝገቦች እስከ ኮርኒሱ ድረስ ተደርድረዋል። መዝጋቢዋ ሹራቧን ትከሻዋ ላይ ጣል ያደረገች ወጣት ናት። የሾፌሩን የፍቺ ውሳኔ ተቀብላ አየችና ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞራ ከዚህ በፊት ትዳር ነበረዎት ወይ አለቻት። አልነበረኝም አለች፤ ይሄኛው እንኳ እውነት ነው። መዝጋቢዋ ግን የአመልካች ቃል ብቻውን አይበቃም፣ ኮምፒውተር ውስጥ የገባው የቅርብ ጊዜው ነው፣ የድሮውን በእጄ አገላብጬ ሳላጣራ ፈቃድ አልሰጥም ብላ መሰላሉ ላይ ወጣች።

አንዱን መዝገብ አውርዳ አገላበጠች፤ የለም። ሁለተኛውንም አየች፤ የለም። ልብስ ሰፊዋ የመዝጋቢዋን ጣት በዓይኗ ትከተላለች። ሦስተኛውን ገልጣ ከላይ ወደ ታች ስትወርድ ጣቷ ገጹ መሀል ላይ ቆመ። ስሙን ከነአባት ከነአያት ሁለቴ አነበበችው።

"እትዬ፣ እዚህ ላይ እኮ ባለትዳር ነዎት" አለቻት።

ልብስ ሰፊዋ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች። "ማስታወቂያው ይሆናል።"

"ማስታወቂያ አይደለም። ይኸው፣ የጋብቻ መዝገብ ነው። ከተመዘገበ አሥራ አራት ዓመቱ ነው።"

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። የፈራችው አንድ የድሮ ወረቀት ነበር፤ የመጣባት ባል ሆነ። ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ ገጹን አነበበ። እሷን አላያትም።

"ፊርማው ያንቺ ነው?"

"የኔ ነው። ግን አልተጋባንም።"

ሾፌሩ ከመዝገቡ ራቅ ብሎ ቆመ። መዝጋቢዋም ጨንቋት ቶሎ ቶሎ ማስረዳት ጀመረች። ይህን የመዘገቡት የቀድሞው ሹም፣ አገር ሁሉ ጋሽ ማኅተም የሚላቸው ሰው፣ ጡረታ ወጥተው ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ይኖራሉ። እሳቸው መጥተው ስሕተት ነው ብለው ካላረሙት ያለው መንገድ ፍርድ ቤት ሄዶ ፍቺ መጠየቅ ነው። ልብስ ሰፊዋ ያላገባችውን ሰው፣ ያውም የገባበት የማይታወቀውን፣ ልትፈታ ነው ማለት ነው።

ሾፌሩ መኪናውን አስነሥቶ "ግቢ" አላት። እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ዓይኑን ከመንገዱ አላነሣም። ነገ ማለዳ ይሄዳል፣ ከሄደም አይመለስም የሚለው ሐሳብ ልቧን ሰቅሎ ይዞታል።

ጋሽ ማኅተም ደጃፋቸው ላይ የግድግዳ ሰዓት ፈታትተው ተቀምጠዋል። ጉዳዩን ሲሰሙ መነጽራቸውን አወለቁ። አልካዱም። በክረምት ወንዙ ሲሞላ የማዶ ሰው ሁለቴ መመላለስ አይችልም ነበር። ስለዚህ ማስታወቂያ ሊያስለጥፉ የመጡትን እጮኞች ሁሉ እግረ መንገዳቸውን የጋብቻውንም መዝገብ ያስፈርሟቸው ነበር፤ የሠርጉ ቀን ሲያልፍ ማኅተሙን እሳቸው ይመቱበታል። ሠርጉ የቀረ እንደሆነ ግን መጥታችሁ ንገሩኝ፣ እሰርዘዋለሁ ይሏቸዋል። በሥራ ዘመናቸው ሁሉ ቀረብኝ ብሎ የመጣ አንድም ሰው አልነበረም። ጋሽ ማኅተም ታዲያ ያስፈረምኩት ሁሉ ተጋብቷል ብለው፣ ደስ ብሏቸው ጡረታ ወጡ።

"ላንቺም ብዬሽ ነበር፣ ልጄ" አሏት።

"ብለውኛል ጋሼ። ማስታወቂያውን መስሎኝ ነበር።"

"ታዲያ ምነው ሳትመጪ?"

ሾፌሩ ከበስተኋላዋ ቆሟል፤ ትንፋሹ ይሰማታል። ከእንግዲህ መደበቂያ እንደሌላት ገባት።

"ምን ብዬ ልምጣ ጋሼ? ሙሽራዬ ጥሎኝ ሄደ ብዬ? ያ ሁሉ ሰው ተደርድሮ በሚሰማበት ኮሪደር? የሠርግ ቀሚሴን ሦስት ወር የሰፋሁት እኔው ነኝ፤ ባንድ ቀን የተረተርኩትም እኔው ነኝ። ከዚያ ወዲያ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።" ወደ ሾፌሩ ዞረች። "ላንተም። ተጥላ የምታውቅ ሴት መሆኔን ካወቅህ፣ ላንተም መጣሉ እንዳይቀልህ ፈራሁ።"

ጋሽ ማኅተም የሰዓታቸውን ብሎን በእጃቸው ይዘው ማስቀመጡን ረሱት።

"ተናድጃለሁ" አላት ሾፌሩ። "በሰውየው አይደለም። ስጠይቅሽ ስቀሽ ሁለት ዓመት ሙሉ በመደበቅሽ ነው።"

"እውነትህን ነው።"

"ንዴቴ ዛሬ አይወጣልኝም።" ይህን ብሎ ሽማግሌውን ክንዳቸውን ደገፍ አድርጎ መኪናው ላይ አወጣቸው።

ጋሽ ማኅተም መዝገብ ቤቱ ሲደርሱ ጋብቻው እንዳልተፈጸመና ጥፋቱ የራሳቸው እንደሆነ ገጹ ጠርዝ ላይ ጽፈው ፈረሙበት። መዝጋቢዋ መደርደሪያውን ቀና ብላ እያየች፣ እንዲህ ያለ ስንት ይኖራል ብላ ጠየቀቻቸው። ሌሎቹማ ተጋብተዋል አሏት፤ ድምፃቸው ግን እንደ ቅድሙ እርግጠኛ አልነበረም። ከዚያ መዝጋቢዋ አዲስ ቅጽ አወጣች። ብዕሯን ከወረቀቱ ከፍ አድርጋ ይዛ፣ ሾፌሩን አይታ ጠየቀች።

"ጥያቄው ይቀጥላል ወይስ ይቅር?"

ልብስ ሰፊዋ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። ሾፌሩ የተሰረዘውን ገጽ አየ፣ ከዚያ እሷን አየ፤ መዝገቡን ካነበበ ወዲህ ፊቷን ሲያያት የመጀመሪያው ነው።

"ቀጥይ" አለ።

ማስታወቂያው አሥራ አምስት ቀን ይለጠፋል፣ ተቃዋሚ ካልመጣ በአሥራ ስድስተኛው ቀን ቀርባችሁ ትፈርማላችሁ ብላ መዝጋቢዋ ቀኑን ጻፈችላቸው። ጋሽ ማኅተም ይህን ሲሰሙ አላስቻላቸውም።

"ልጄ፣ አንተ መንገደኛ ነህ" አሉት፤ "ዝናቡም እየመጣ ነው፣ ወንዙም አይታመንም። እኔ ይህችን መዝጋቢ እለምንልሃለሁ፤ አሁኑኑ ፈርመህ ሂድ።"

መዝጋቢዋ አመነታች። መዝገቡም ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ፊርማ ምንም እንደማያስር ከማንም በላይ ታውቃለች፤ የአሥራ አራት ዓመት ማስረጃ ፊቷ ተዘርግቷል። እንዲያም ሆኖ ይፈርም፣ አሁን ይፈርም፣ እያለች በልቧ ትለምን ነበር።

"አይሆንም ጋሼ" አለ ሾፌሩ። "በዕለቱ መጥቼ ነው የምፈርመው።" ወደ እሷ ዞረ። "አንቺ ቀድመሽኝ ነይና እዚያ ወንበር ላይ ጠብቂኝ። ስመጣ በዓይንሽ እዪኝ።"

እምቢ ልትለው ፈለገች። ያን ወንበር ብቻዬን አልቀመጥበትም፣ እዚያ ተቀምጬ በሩን በሩን ከማይ ብሞት ይሻለኛል ልትለው ፈለገች። ንዴቱ አልወጣለትም፤ መንገዱም ረጅም ነው፤ አሥራ አምስት ቀን ደግሞ ሰው ሐሳቡን ለመቀየር ከበቂ በላይ ነው።

"እሺ፣ እጠብቅሃለሁ" አለችው።