ሚሊሜትር እና የሚኒባሱ ጣሪያ

የሚዛን ጠጋኙን ሰፈሩ «ሚሊሜትር» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ሊያሾፉበት ነበር፤ እሱ ግን እንደ ማዕረግ ተቀበለው። እህቱ ቤት ሲሄድ እንኳ ግድግዳ ላይ የተጣመመ ፎቶ ካየ ሳያቃና አይቀመጥም።

የእህቱ ባል አሮጌ ሚኒባሱን እንዲጠግንለት ግቢያቸው ድረስ ጠርቶት በሩን ሲከፍትለት፣ ሚሊሜትር ሳቁ አመለጠው። ከጣሪያው ሥር በግራና በቀኝ የተዘረጉት፣ የኤሲውን ቀዝቃዛ አየር ለተሳፋሪው የሚያደርሱት ረጃጅም የፕላስቲክ ቦዮች እንደ እርጉዝ ፍየል ሆድ ተንጠልጥለዋል። መያዣዎቻቸው በእርጅና ተሰባብረው ስላለቁ፣ ባልየው በሽቦ ጠፍሮ አስሯቸዋል።

«ይሄ ምንድን ነው? የልብስ ማስጫ ነው?»

«ጋሼ፣ እስካሁን ይዞልኛል እኮ።»

«ይዞልኛል ይላል እንዴ! ነገ የፋብሪካዋ ሴትዮ ስትመጣ ካልሲህን ልታሰጣላት ነው?»

እህቱ በመስኮት ሰምታ ሳቀች። ባልየውም ሳቀ፤ አንገቱን ግን አቀረቀረ።

ነገሩ የሚያስቅ አልነበረም። ፋብሪካው ሠራተኞቹን ጠዋትና ማታ የሚያመላልስለት መኪና ይፈልጋል። የትራንስፖርት ኃላፊዋ ተሳፍራ፣ ኤሲውን አስነስታ ካልወደደችው ሥራው ለሌላ ይሰጣል። ባልየው ደግሞ ከዚህ ሌላ የጨበጠው ነገር የለም።

ሚሊሜትር ሽቦውን ቆራርጦ ጣለ። ቦዮቹን አውርዶ አጠበ፤ ጠርዛቸውን በብርጭቆ ወረቀት ፈተገ። ጣሪያው ላይ በእርሳስ አሰመረና ቦዮቹን የሚለጥፍበትን ማስቲሽ መቀባት ጀመረ። እጁ እየሠራ አፉ አላረፈም፤ ብሎን የሚመታ ሰው ልኬት የማያውቅ ሰው እንደሆነ እያብራራ ሳለ፣ ከጣሪያው ጨርቅ ሥር የሆነ ነገር ተንኮሻኮሸበት። የጨርቁን ጫፍ ገለጥ አድርጎ ጣቱን አስገባ። በጨርቁና በብረቱ መሃል ያለው ስፖንጅ አርጅቶ ዱቄት ሆኗል፤ ጣቱ ቢጫ ሆኖ ወጣ።

ገባው። ማስቲሹ የሚይዘው ጨርቁን ነው፤ ጨርቁን የያዘው ግን ዱቄት ነው። ጨርቁ ተገፍፎ፣ ቦዩ ከጣሪያው የብረት አግዳሚ ጋር በብሎን መታሰር ነበረበት። ያን ሁሉ ካወራ በኋላ ግን «ተሳስቻለሁ፣ እንደገና እንጀምር» የሚል ቃል ከአፉ አልወጣ አለው። ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገና ቦዩን ለጠፈው።

«በል ተመልከት፤ ሥራ ማለት እንዲህ ነው» አለ።

በማግስቱ ኃላፊዋ መጣች፤ ፈገግታ የማታበዛ ሴት ናት። ሚሊሜትር ሥራው ሲመሰገን ለመስማት ጓጉቶ ከኋላ ተቀምጧል። ኤሲው ተነሳ። መኪናው ከአስፋልት ወጥቶ ኮረኮንች ሲጀምር ረጅም የመቀደድ ድምፅ ተሰማ። የቀኙ ቦይ ጨርቁን እየገፈፈ ወረደና ኃላፊዋ ትከሻ ላይ አረፈ። ቢጫ ዱቄት ጸጉሯና ቦርሳዋ ላይ ተነሰነሰ።

«ማነው ይሄን የሠራው?» አለች እያሳለች።

ሚሊሜትር ከፊቱ ካለው ወንበር ጀርባ ዝቅ አለ።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ» አለ ባልየው ከመሪው ሳይዞር። «ቸኩዬ ነው፤ ይቅርታ።»

«ሰው የሚጭን ሰው እንዲህ ይቸኩላል? እስከ ነገ እጁ የሚታመን ሰው ፈልገህ አሠራው። ከዚያ በኋላ አላይህም።»

እጁ የሚታመነው ሰው ከኋላ ሆኖ በመስኮት ወደ ውጭ ያይ ነበር።

ሲመለሱ ይቆጣኛል፣ ይሰድበኛል ብሎ ጠበቀ። ባልየው ሬዲዮ ከፈተ። ሚሊሜትር ያን ሬዲዮ ከስድብ አብልጦ ጠላው።

እንደደረሱ ጨርቁን ገፈፉና ዱቄቱን እስከ ብረቱ ድረስ ፋቁት። ባልየው ቦዩን በጭንቅላቱና በሁለት እጁ ደግፎ ጎንበስ ብሎ ቆመ፤ ሚሊሜትር ብሎኖቹን ከአግዳሚው ጋር ማሰር ያዘ። ፊት ለፊት ተፋጠዋል፤ መሸሻ የለም።

«ስፖንጁ እንዳለቀለት አውቄ ነበር» አለ ሚሊሜትር፣ ዓይኑን ከብሎኑ ሳያነሳ።

«አውቃለሁ።»

«ምኑን ታውቃለህ?»

«ጣትዎን ሱሪዎ ላይ ሲጠርጉ አይቻለሁ።»

ካቻቢቴው ከእጁ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። «ታዲያ ለምን ዝም አልክ፣ አንተ ሰው? የልጆችህ ጉሮሮ አይደለም እንዴ?»

«ጋሼ፣ እርስዎን ማን ያርማል? ያኔ እርስዎ ስለሠሩልን መደርደሪያ እህትዎ አንዲት ነገር ብትናገር ስንት ጊዜ ከቤታችን ቀሩ!» ትከሻውን ሊሰብቅ ሞክሮ ቦዩ ከለከለው። «ሥራው ቢቀር ሌላ እፈልጋለሁ። እሷ ግን ከእርስዎ ሌላ ወንድም የላትም።»

ሚሊሜትር ያሰረውን ብሎን ፈትቶ እንደገና አጥብቆ አሰረው። የቀሩትንም አንድ በአንድ እንዲሁ አጠበቃቸው።

በቀጠሮው ፋብሪካው በር ላይ ኃላፊዋ ሚኒባሱ ውስጥ ገብታ መዳፏን ቦዩ ላይ አሳርፋ ወደ ታች ጫነች። ንቅንቅ አላለም።

«ይሄንንስ ማን ሠራው?»

ባልየው አፉን ሲከፍት ሚሊሜትር ቀደመው። «እኔ ነኝ። የትናንቱም የኔ ነው፤ እያወቅሁ ነው ያበላሸሁት። እሱ እኔን ሊሸፍን ብሎ ነው።»

ሴትዮዋ ተራ በተራ አየቻቸው። «የሚነዳውስ ማነው?»

«እሱ ነው።»

«እርስዎ ደግመው ይነካኩታል?»

«እሱ ከጠራኝ ብቻ።»

«እንግዲያው ሰኞ ይጀምር» ብላ ወረደች።

ባልየው ፊቱ በርቶ የጋቢናውን በር ከፈተለት። «ይግቡ እንጂ፣ ጋሼ!»

ሚሊሜትር ከኋላ ገባ። በሾፌሩ የኋላ ማያ መስታወት ዓይን ለዓይን እንዳይገጣጠሙ፣ እስከ ቤት ድረስ አንገቱን ደፍቶ ሄደ።