የገብረአብ በርበሬ

ኢየሩስ ጥቅሉን እንደገና በጣቶቿ ጨመቅ አደረገችው። መሐሉ ላይ ጠንከር ያለ ነገር አለ። በርበሬ እንዲህ አይጠነክርም።

ዛሬ ማታ ለፒያሳው ሱቋ ልብስ ልታመጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዱባይ ትበራለች። ጥቅሉን ያመጡት ከጊዮርጊስ ጀርባ ከእሷ ጋር በአንድ ግቢ የሚኖሩት እትዬ ዓለምጸሃይ ናቸው፤ ዱባይ ላለው ልጃቸው ለገብረአብ። ለተጓዥ በርበሬ ማሸከም እኛ ዘንድ ወግ ነው፤ ማን እምቢ ይላል? አፉ በወፍራም ክር ተሰፍቷል። የሰው አደራ መፍታት ደግሞ ባለቤቱን በአደባባይ ከመስደብ አይተናነስም።

ግን ፈራች። አጠገቧ ሱቅ የነበራት መይሙና ባለፈው ወር የሰው ዕቃ ይዛ ሄዳ እዚያው ታስራለች። ሽሮ ነው ካሏት ጥቅል ውስጥ እዚያ የተከለከለው ጫት ተገኘ። "አላወቅሁም" ብትል ማን ይስማት፤ ሻንጣው የእሷ ነው። ልጆቿ እስካሁን እህቷ ዘንድ ናቸው። ኢየሩስም ልጅ አላት።

እትዬ ዓለምጸሃይ ሊሰናበቷት ሲገቡ ጥቅሉ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

"እስካሁን ሻንጣ ውስጥ አልከተትሽውም እንዴ?"

"እትዬ፣ እርስዎ ነዎት የሰፉት?"

"በየትኛው ዓይኔ? እኔ አስፈጨሁ፤ ጓደኛው ቴዎድሮስ ወስዶ አሰፍቶ አመጣልኝ። ገብረአብ ራሱ ነው በስልክ ለእሱ ስጪው ያለኝ።"

"ሲሰፋ አላዩም ማለት ነው?"

"ምኑን አያለሁ? ስፌት አይደል እንዴ።"

ኢየሩስ ጥቅሉን ከፊቷ ገፋ አደረገችው። እኚህ ሴት እናቷ ሥራ ስትውል አጉርሰው ያሳደጓት ናቸው፤ ለመናገር አፈረች። ቢሆንም ከመሳቢያ መቀስ አውጥታ ጥቅሉ አጠገብ አስቀመጠች።

"እዚሁ ይፍቱልኝ። በርበሬ ብቻ ከሆነ እኔው መልሼ እሰፋዋለሁ፤ እግርዎ ላይ ወድቄም ይቅርታ እጠይቃለሁ።"

"ልጄን ነው እንዲህ የምትጠረጥሪው?"

"እስር ቤት እፈራለሁ፣ እትዬ።"

እትዬ ዓለምጸሃይ ተቆጥተው መቀሱን አነሱና ክሩ ሥር አስገቡት። በሌላ እጃቸው ጥቅሉን ጫን ሲያደርጉት ያ ጠንካራ ነገር ተሰማቸው። ቁጣቸው ከፊታቸው ጠፋ። ክሩን ሳይቆርጡ መቀሱን መልሰው አኖሩት።

"አይፈታ" አሉ ቀስ ብለው። "አንቺም አትውሰጂው።"

ጥቅሉን በነጠላቸው ሸፍነው ወጡ። ከብዷቸው ደረጃው ላይ ቆም አሉ። በሌላ ቀን ቢሆን ኢየሩስ ሮጣ ትቀበላቸው ነበር። ዛሬ በሩ ላይ ቆማ አየቻቸው እንጂ እጇን አልዘረጋችም።