በሕመም ምክንያት

የጽሑፍ ትምህርቱ የሚሰጠን ቅዳሜ ቅዳሜ ኮሌጁ ግቢ ውስጥ ነበር፤ የጎልማሶችን ትምህርት ለጨረስን ለአሥራ አራት ሰዎች፣ ሦስት ወር። መምህራችን ምሕረትአብ ዕድሜው ከልጆቼ ብዙም አይርቅም፤ ሁላችንንም ግን አንቱ ይለን ነበር። ካስተማረን ብዙው ለምን እንደሚረባኝ እስካሁን አላወቅሁም። "ሽታውን ጻፉ" ብሎን አንድ ሙሉ ቅዳሜ የገብስ ማሳ ሽታ ስንጽፍ ዋልን። ከጎኔ የሚቀመጡት እማሆይ፣ "ልጄ፣ እኛ አገር የገብስ ሽታ የማያውቅ ማን አለና ነው?" ቢሉት ከኛ ጋር አብሮ ሳቀ።

በመጨረሻው ቅዳሜ ደግሞ፣ "ጽፋችሁ ስትጨርሱ ነገሩን ለሚያውቅ ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡለት" አለን። ይህም እንደ ገብሱ ነው ብዬ አለፍሁት።

ልጄ ቃልኪዳን ስምንተኛ ክፍል ሳለች ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ሲከፈት የጎረቤት ልጆች ተመለሱ፤ እሷን እኔ አስቀረኋት። ከቤታችን ትምህርት ቤቱ እስካለበት እስከ ደብረ ታቦር አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ነው፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ በመንገዱ ተኩስ ይሰማ ነበር። ሳምንት ትቆይ አልሁ። ሳምንቱ ሁለት ዓመት ሆነ።

ዘንድሮ ሙላቴ፣ የሟች ባሌ ወንድም፣ ከእብናት ባል አገኘላት።

"ተማሪ ናት" አልሁት።

"የት ነው የምትማረው? ጓዳ?"

ሽማግሌዎቹ እሑድ ይመጣሉ። የትምህርት ቤቱ ምዝገባ የሚያበቃው ዓርብ ነው።

ማክሰኞ ከተማ ወረድሁ። ከመንግሥት ቢሮዎቹ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፈውን አያ ተክሌን ልጄ ሁለት ዓመት ለቀረችበት ምን ልበል ብዬ ጠየቅሁት።

"በሕመም ምክንያት በይ። ሁሉም የሚለው እሱን ነው።"

"ልጻፍልሽ?" ቢለኝ እንቢ አልሁ፤ በገዛ እጄ መጻፍ ፈልጌ ነበር። ቃልኪዳን ሁለት ዓመት አልጋ ላይ እንደነበረች ጻፍሁ። የመምህሩ ነገር ትዝ ቢለኝ የበሽተኛ ቤት ሽታ ሳይቀር ጨመርሁበት።

ምክትል ርእሰ መምህሯ አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ።

"እናቴ፣ ዛሬ የመጣው ሁሉ ልጁ ታሞ ነው። በዚህ አገር ጤነኛ ልጅ የለም?"

ወረቀቱን መልሰው አቀበሉኝ።

"የእርስዎ ደግሞ ይሸታልም። የሕክምና ማስረጃ ካለ ያምጡ፤ ከሌለ ልቀበል አልችልም።"

እግሬን እየጎተትሁ ቤት ገባሁ። ሌላ የማደርገው ስላጣሁ፣ ምስር ስትለቅም ለነበረችው ለቃልኪዳን ጮክ ብዬ አነበብሁላት።

"መቼ ነው የታመምሁት?" አለች።

"ዝም ብለሽ ስሚ።"

"እማየ፣ አንድ ቀን አልታመምሁም። አንቺ ነሽ የከለከልሽኝ። ደብተሬን ሳጥን ውስጥ የቆለፈብኝ ማን ነው?"

"ፈርቼ ነው!" ብዬ ጮህሁባት።

ከምስሩ ቀና አላለችም። "እሱን ጻፊያ።"

ረቡዕን ሙሉ አልጻፍሁም። በእኛ አገር ጥፋት ለንስሐ አባት እንጂ ለቢሮ አይነገርም። የንስሐ አባት ሰምቶ ይፈታል፤ ቢሮ ግን ማኅተም አድርጎ ያስቀምጠዋል። ሙላቴ ቢሰማስ? የሰፈሩ ሰውስ ምን ይለኛል? ሐሙስ ጠዋት እንደምንም ጻፍሁት፦

"ልጄ አልታመመችም። ትምህርት ቤቱ ከተከፈተ በኋላ ያስቀረኋት እኔ እናቷ ነኝ። መንገዱን ፈርቼ ነው። እሷ መማር ትፈልጋለች። ትመዝገብልኝ።"

ቃልኪዳንን ይዤ ሄድሁ። እሷ በረንዳው ላይ ቀረች፣ እኔ ገባሁ። ምክትሏ ሁለት ጊዜ አነበቡት።

"አሁንስ መንገዱን አይፈሩም?"

አልፈራም ልላቸው ነበር። ወረቀቱ ፊታቸው ተዘርግቶ ሳለ አልሆነልኝም። "እፈራለሁ" አልሁ።

"ታዲያ ልጅቷ ኅዳር ላይ ብትቀር እኔ ምን ልሁን? ያለኝ ቦታ ጥቂት ነው፤ ለሌላ ልጅ መስጠት እችል ነበር።" እስክሪብቶአቸውን አቀበሉኝ። "ዳግመኛ እንደማያስቀሯት ከታች ይጨምሩና ይፈርሙ።"

ሰው እችለዋለሁ ብሎ እርግጠኛ ያልሆነበትን ነገር እንዴት እንደሚጽፍ በሦስት ወር ውስጥ አልተማርንም። ከኋላዬ የተሰለፈ አንድ አባት ጉሮሮውን ጠረገ። "ዳግመኛ አላስቀራትም" ብዬ ጻፍሁና ፈረምሁ። ምክትሏ ከጎኑ "ትመዝገብ" ብለው ማኅተሙን መቱበት።

ቃልኪዳን ስወጣ ስታየኝ ተነሣች። "እሽ አሉ?"

"ሰኞ ትጀምሪያለሽ። እሑድ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ተማሪ ናት እላቸዋለሁ።"

ክንዴን ጨብጣ ይዛ ስለ ደብተር፣ ስለ ዩኒፎርም ታወራኝ ጀመር። እኔ የማስበው ሰዓቱን ነበር። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሰልፍ ከያዙ፣ ከቤት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መውጣት አለባት፤ ገና በደንብ ሳይነጋ። እየተራመድሁ አብራቸው እንድትሄድ፣ በዚያ መንገድ ለትምህርት ከተማ የሚወርዱትን የሰፈራችንን ልጆች አንድ በአንድ በስም እቆጥር ጀመር።