ጠበል ያላባረራቸው ድንቢጦች

"መምሬ፣ ምሳሩን ይባርኩልኝና ልጀምር!" አለ ምትኩ፣ ከወይራው ሥር እግሩን አንፈራጦ ቆሞ። የመንደሩ ሰው ዙሪያውን ከቦታል።

መምሬ ወልደ ሐዋርያት መስቀላቸውን አወጡ። አወጡት እንጂ እጃቸው አልነሣ አላቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰቆጣ ዙሪያ ማሽላ ወተት ሲይዝ ድንቢጥ ትወርድበታለች፤ ገበሬውም ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ ሲወነጭፍ ይውላል። መምሬ በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ማሳውን እየዞሩ ጠበል ይረጫሉ፤ ለዚህም ከየቤቱ አንድ አንድ ቁና ማሽላ ይሰጣቸዋል። ታዲያ በዚህ በሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ጠበሉ ተረጨና አንዲት ድንቢጥ እንኳ ድርሽ ሳትል ቀረች። እሰይ! መንደሩ "የመምሬ ጸሎት ሰማይ ደረሰ" አለ። መምሬም ዝም አሉ። ሙገሳ መቼም ማንን ይጎረብጣል?

ከሙገሳው ቀጥሎ ስጦታው መጣ። የመምሬ ቤት ምሰሶ በምስጥ ተበልቶ ጣሪያው አዘንብሏል፤ ባለቤታቸው ወለተ ሐና ክረምቱን ለፍሳሹ ድስት ስትደቅን ነው የከረመችው። ሰዉ መክሮ ከምትኩ ማሳ መካከል የቆመውን ወይራ ሊቆርጥላቸው ወሰነ። በዚያ ሜዳ የቀረው ትልቅ ዛፍ እሱ ብቻ ነው። ዋንዛው ሳንቃ ሆኗል፤ ግራሩም ከሰል ሆኖ ገበያ ሄዷል።

መምሬ ቀና ብለው ቅርንጫፉን አዩ፤ ባዶ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማለዳ ማለዳ ከዚህ ዛፍ ሥር ዳዊት ሲደግሙ ድንቢጦቹ ጆሯቸውን ያደነቁሩት ነበር። "እስቲ ዝም በሉ፣ እናንተ ለፍላፊዎች!" እያሉ ይቆጧቸው ነበር። አሁን እንዴት እንደናፈቋቸው!

"ምነው መምሬ፣ አመመዎት እንዴ?" አለች የምትኩ ሚስት ጥሩሐረግ።

"ምትኩ፣ ምሳሩን አስቀምጥ። ድንቢጦቹን ያባረረው የኔ ጠበል አይደለም።"

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ።

"ታዲያ ማን ነው?" አለ ምትኩ።

"እሱ የያዝከው ነው። ማደሪያቸውን አንድ በአንድ ቆርጠን ጨረስነው፤ የት ይረፉ? እኔ እህሉን ጠብቅልን ብዬ ጸለይኩ እንጂ ፍጥረትህን አጥፋልን አላልኩም። ስታመሰግኑኝ ዝም ያልኩት ደስ ስላለኝ ነው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፤ የኔው ዛሬ አለቀ።"

ምትኩ ፊቱ ጠቆረ። "እንዲህ ካሉ፣ ከርሞ ማሳዬን ይርጩልኝ የሚልዎት ማን ነው?"

ቃሉ ወጋቸው። ስማቸውም ቀለባቸውም እዚያ ላይ ነው። ቢሆንም መስቀላቸውን መልሰው ከተቱ።

"የሚያምን ያስረጫል። ለመሆኑ ወይራውን ለኔ ሰጥታችሁ የለም?"

"ሰጥተንዎታል።"

"ተቀብያለሁ። እንደ ቆመ ይሁንልኝ።"

ጥሩሐረግ ሳቋ አመለጣት። "ወይ መምሬ! ድንቢጦቹ ተመልሰው መጥተው ማሽላችንን ቢጨርሱትስ?"

"ይምጡልኝ እንጂ! ማማ ላይ እኔው ራሴ እወጣለሁ።"

ቤት ሲደርሱ ወለተ ሐና ደጅ ቆማ ጠበቀቻቸው። ሁሉንም አንድ ሳያስቀሩ ነገሯት።

"በዚያ ሁሉ ሰው ፊት?"

"በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።"

"እሺ፣ እውነቱን መናገርዎስ ደግ ነው። ግን ክረምት ሲመጣ ምን ልንሆን ነው?"

መምሬ አጥር ሥር የታሰረችውን በቅሏቸውን አዩ። የደብሩ ቄስ ሁሉ የሚቀናባት ሠጋር በቅሎ ናት።

"ቅዳሜ ሰቆጣ ገበያ እወስዳታለሁ። በዋጋዋ የባሕር ዛፍ ምሰሶ ይገዛል።"

"በቅሎዋን? እርስዎ በእግርዎ ሊሄዱ?"

መምሬ ወደ ውስጥ ገብተው ኮርቻውን ከግድግዳው አወረዱና አቧራውን አራገፉለት።

"ይኸም አብሮ ይሸጣል" አሉ።